ፈተና ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም

ስለ ፈተና ታሪክና ስለ መለኪያ ስሕተት
ከአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ



«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ተማሪዎች ግን ገና ማንንም ሳንሰፍር በየወሩ፥ በየመንፈቁና በየዓመቱ እንሰፈራለን። ከአንደኛ ክፍል ጀምሬ እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ እንደ ተፈተንሁ ለመቍጠር ሞክሬ አልቻልሁም። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን አንድ ነገር ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ይኸውም «ቁናውንስ ራሱን ማን ይሰፍረዋል?» የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ እንድጠይቅ ያደረገኝ በቤታችን የደረሰ ነገር ነው። ታላቅ እኅቴ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ተፈትና ውጤቷ በመጣ ጊዜ አማካዩ ከመቶ 49 ሆነ። ለማለፍ የሚያስፈልገው 50 ነበር። እናታችን «አንዲት ነጥብ ምን ታህላለች?» ብላ አለቀሰች። አባታችን ደግሞ «ሕግ ሕግ ነው፤ ወሰን ከተወሰነ በኋላ አንድም ቢሆን መቶም ቢሆን ያው ጐደለ ነው» አለ። እኅቴ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። በአራተኛው ቀን ወደ እኔ ዘወር ብላ «ያንኑ ፈተና በማግሥቱ ብፈተን ኖሮ ያንኑ 49 አገኝ ነበርን?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ መልሱን ፍለጋ ካነበብሁትና ከመምህራኖቼ ከተረዳሁት የተሰበሰበ ነው።

ክንድና ቁና

አያቴ ተወልደው ያደጉት እዚሁ ልደታ ነው። በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር መርካቶ ወጥተው አቡጀዴ ሲገዙ፥ ነጋዴው ጨርቁን ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ እየለካ «አንድ ክንድ፥ ሁለት ክንድ» ይል እንደ ነበር ያወሩልናል። ስለዚህ ብልህ ገዥ ረጅም ክንድ ያለውን ዘመድ ይዞ ይሄድ ነበር ይላሉ። እህልም ሲሰፈር እንዲሁ ነው። ቁናው አንድ ሆኖ ሳለ፥ አንዱ ሰፋሪ ከአፉ ላይ በእጁ ላጭቶ ይሰጣል፤ ሌላው ቈልሎ ይሰጣል። «ቁናው አንድ ነው፥ እጁ ግን ሁለት ነው» የሚሉት ለዚህ ነው።

ይህን ታሪክ ለሒሳብ መምህራችን ብነግራቸው ሣቁና ስምንት ተማሪዎች አስነሥተው የክፍላችንን ሰሌዳ በየክንዳቸው እንዲለኩ አዘዙ። ዝቅተኛው 7 ክንድ ተኩል፥ ከፍተኛው 9 ክንድ ሆነ። ቀጥለውም አንዱን ተማሪ ብቻ አምስት ጊዜ አስለኩት፤ እርሱ ራሱ በክንድ ላይ አንዴ ሁለት ጣት፥ አንዴ ሦስት ጣት እየጨመረና እየቀነሰ ተቸገረ።

«እንግዲህ ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው» አሉን መምህራችን። «አንደኛው የክንዱ ርዝመት የሚያመጣው ነው። ይህ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ አጭር ክንድ ያለው ሰው መቶ ጊዜ ቢለካም ሰሌዳውን አስረዝሞ ይናገራል። ሁለተኛው እጅ ሲንቀሳቀስ የሚመጣው ነው። ይህ አንዴ ወደ ላይ፥ አንዴ ወደ ታች ይላል፤ ብዙ ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ሲወሰድ ግን እርስ በርሱ ይጣፋል።» እነዚህን ሁለት ስሕተቶች አንባቢ በልቡ እንዲይዛቸው እለምናለሁ፤ ከዚህ በታች የሚመጣው ታሪክ ሁሉ የእነርሱ ታሪክ ነውና።

የቅኔ ቤት ምስክርነት

በአገራችን ዘመናዊ ትምህርት ከመምጣቱ አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የታወቀ ፈተና ነበረ፤ ዛሬም አለ። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ከሚፈጸመው ከጉባኤ ቃና ይጀምርና፥ ዘአምላኪየ፥ ሚ በዝኁ፥ ዋዜማ፥ ሥላሴ፥ ዘይእዜ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፥ መምህሩም ያርሙታል። ይህ በአንድ ቀን የሚፈጸም አይደለም፤ ወራትንና ዓመታትን ይፈጃል። የድጓ ተማሪ ደግሞ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። የዝማሬና የመዋሥዕት ተማሪም እንዲሁ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል።

ቃሉን ልብ እንበል። «አስመሰከረ» ማለት «ምስክር» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። አባቶቻችን ተማሪው ዐዋቂ መሆኑን ሲገልጡ «ተፈረደለት» አላሉም፥ «አስመሰከረ» አሉ እንጂ። የዚህ ሥርዓት ብርታቱ መምህሩ ተማሪውን አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ደጋግመው መስማታቸው ነው። ተማሪው አንድ ቀን ቢታመም፥ አንድ ቀን ቢራብ ወይም ቢደነግጥ፥ በሌላው ቀን ይካካስለታል። ድካሙ ደግሞ መስካሪው ጆሮ አንድ መሆኑና ብዙ ሺህ ተማሪዎችን በዚህ መንገድ ለመመርመር አለመቻሉ ነው።

ብዙ ሰውን በአንድ ቀንና በአንድ ጥያቄ የመፈተን ሥራ ከጥንት ጀምሮ የታወቀው በቻይና ነው። የቻይና ነገሥታት ሹማምንታቸውን በፈተና መምረጥ የጀመሩት ከ1,400 ዓመት በፊት ገደማ ሲሆን፥ ሥርዓቱ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የተፈታኙ ስም ይሸፈን ነበር፤ ከዚህም አልፎ አራሚው የተፈታኙን የእጅ ጽሕፈት ዐውቆ እንዳያዳላ ወረቀቱን ጸሐፊዎች ይገለብጡት ነበር። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች የመጀመሪያውን ዓይነት ስሕተት፥ ማለት አድልዎን፥ በሚገባ ዐውቀውት ነበር። ሁለተኛው ስሕተት ግን ገና ስም አልወጣለትም ነበር።

ስለ ስምንት ዐሥረኛ ሰኮንድ ከሥራው የተባረረው ሰው

ለሁለተኛው ስሕተት በር የከፈተው የትምህርት ቤት ነገር ሳይሆን የከዋክብት ምርመራ መሆኑ ያስደንቃል። በእንግሊዝ አገር በግሪኒች የከዋክብት መመልከቻ የነበሩት አለቃ ኔቪል ማስክላይን፥ እ.ኤ.አ. በ1796 ዴቪድ ኪነብሩክ የተባለውን ረዳታቸውን ከሥራ አሰናበቱ። ጥፋቱ፥ አንድ ኮከብ በመነጽሩ ክር ላይ የሚያልፍበትን ጊዜ ሲመዘግብ ከአለቃው 0.8 ሰኮንድ ያህል እየዘገየ መጻፉ ነበር። ሰነፍ ወይም ቸልተኛ ተብሎ ሄደ።

ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ፍሬድሪክ ቤሰል የተባለው ጀርመናዊ የከዋክብት ሊቅ ይህን ታሪክ አነበበና ተጠራጠረ። የራሱን ምዝገባ ከሌሎች ስመ ጥር ሊቃውንት ምዝገባ ጋር ቢያስተያይ፥ እነርሱም እርስ በርሳቸው እንደማይስማሙ አገኘ። ስለዚህ ኪነብሩክ ሰነፍ አልነበረም፤ የሰው ዓይንና እጅ እንደየሰዉ ይለያያል እንጂ። በዚያው ዘመን ካርል ጋውስ የተባለው የሒሳብ ሊቅ ትንንሽ ስሕተቶች ብዙ፥ ትልልቅ ስሕተቶች ግን ጥቂት ሆነው በእውነተኛው ልክ ዙሪያ በሥርዓት እንደሚሰለፉ በሒሳብ አስረድቶ ነበር። ከዚህም ታላቅ ትምህርት ተገኘ፤ ስሕተት ሁሉ ኀፍረት አይደለም፥ ሊለካም ይችላል።

ይህን የከዋክብት ሒሳብ ወደ ፈተና ያመጣው ፍራንሲስ ኤጅዎርዝ ነው። ኤጅዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1888 ስለ ፈተናዎች ስታትስቲክስ፥ በ1890 ደግሞ በውድድር ፈተናዎች ውስጥ ዕድል ስላለው ድርሻ ጻፈ። አሳቡም፥ አንድ አራሚ በወረቀት ላይ የሚጽፈው ነጥብ ልክ እንደ ከዋክብት ተመልካቹ ምዝገባ አንድ ምልከታ ብቻ ነው፤ ሌላ አራሚ ቢመጣ ሌላ ነጥብ ይጽፋል፤ እውነተኛው ዋጋ የብዙዎች አማካይ ነው የሚል ነበር። ስለዚህም በማለፊያው ወሰን አጠገብ ከቆሙት ተፈታኞች መካከል ማን አልፎ ማን እንደሚወድቅ ብዙ ጊዜ ዕድል እንደሚወስነው አሳየ።

ነገሩ በተግባር የታየው በአሜሪካን አገር ነው። ዳንኤል ስታርችና ኤድዋርድ ኤልየት የተባሉ ሁለት መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1912 እና በ1913 የአንድ ተማሪን ወረቀት እያባዙ ለብዙ መምህራን ላኩ። ሰዎች ሁሉ «የድርሰት እርማት እንደ አራሚው ጣዕም ይለያያል፥ ሒሳብ ግን አይዋሽም» ይሉ ነበር። ነገር ግን አንዱን የጂኦሜትሪ ወረቀት ከመቶ በላይ መምህራን ቢያርሙት፥ አንዱ 28 ሌላው 92 ሰጠው። ወረቀቱ አንድ ነው፥ ተማሪው አንድ ነው፥ እጁ ግን ከመቶ በላይ ነበር። የአያቴ ቁና ማለት ይህ ነው።

የአእምሮ ፈተና እንዴት ተጀመረ

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ትምህርት ፈተና ነው። በዚሁ ዘመን ግን የሰውን አእምሮ ራሱን እንለካ የሚሉ ሊቃውንት ተነሥተው ነበር። ዊልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 በላይፕዚግ ከተማ የሥነ ልቡና መመርመሪያ ቤት አቋቋመ። ፍራንሲስ ጎልተን በ1884 በለንደን ኤግዚቢሽን ላይ የመጣውን ሰው ሁሉ ቁመቱን፥ የእጁን ኀይል፥ የዓይኑንና የጆሮውን ንቃት ይለካ ጀመረ። ይሁን እንጂ የእጅ ኀይልና የጆሮ ንቃት ስለ አንድ ልጅ ትምህርት የመቀበል ችሎታ ብዙ አልተናገሩም።

መንገዱን ያገኘው ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት በትምህርት ወደ ኋላ ለሚቀሩ ሕፃናት ልዩ እርዳታ ለመስጠት ፈልጎ በ1904 ኮሚሲዮን አቋቋመ፤ ቢኔም ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆኖ በ1905 ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደሩ 30 ጥያቄዎችን አዘጋጀ። የቢኔን አሳብ ማወቅ ይገባል። ፈተናው ልጁ የሚረዳበትን መንገድ ለመፈለግ እንጂ «ይህ ልጅ ለዘለዓለም ደካማ ነው» ብሎ ለማተም አልነበረም። የሰው የአእምሮ ኀይል ከቶ አይጨምርም የሚሉትንም ይቃወም ነበር።

ቢኔ በ1911 ከሞተ በኋላ ግን መሣሪያው ባሕር ተሻግሮ ሌላ ጠባይ ያዘ። አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ 1,700,000 ያህል ወታደሮች በአእምሮ ፈተና ተፈተኑ፤ ማንበብ ለሚችሉት «አልፋ»፥ ለማይችሉት «ቤታ» የሚባል ተዘጋጅቶ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ክሪስኮ ምንድን ነው? መድኃኒት ነውን? የጥርስ ሳሙና ነውን? ወይስ ምግብ?» የሚል ዓይነት ነበር። ክሪስኮ በአሜሪካን ወጥ ቤት የታወቀ የምግብ ቅባት ነው። ከሩቅ አገር ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ስደተኛ ይህን ከየት ያውቃል? እኛስ ለለንደን ተማሪ «ገበቴ ምን ይደረግበታል?» የሚል ጥያቄ አቅርበን ባይመልስ፥ አእምሮው ደካማ ነው እንላለንን?

ይሁን እንጂ በዚያ ፈተና ላይ ተመሥርቶ ካርል ብሪገም የተባለ መምህር በ1923 አንዳንድ ሕዝቦች ከሌሎቹ በአእምሮ ያንሳሉ የሚል መጽሐፍ አወጣ። ይኸው ሰው በ1930 የጻፈው ሁሉ መሠረት የሌለው መሆኑን በገዛ እጁ ጽፎ አፈረሰው። ስሕተቱን ማመኑ ያስመሰግነዋል፤ ነገር ግን በመካከሉ በ1924 አሜሪካ የስደተኞችን መግቢያ የሚያጠብ ሕግ አውጥታ ነበር። ይህ የአጭሩ ክንድ ስሕተት ነው። መቶ ሺህ ሰው ቢለካበትም አይጣፋም፥ ክንዱ ራሱ አጭር ነውና።

እውነተኛው ውጤትና ስሕተቱ

አሁን ወደ እኅቴ ጥያቄ ቀርበናል። ቀድሞ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ መኰንን የነበረው ቻርልስ ስፒርማን ሥነ ልቡናን ከተማረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1904 የዚህን ትምህርት መሠረት ጣለ። አሳቡ ለመናገር ቀላል ነው። በወረቀት ላይ የምናየው ውጤት ሁሉ የሁለት ነገሮች ድምር ነው፤ አንደኛው የተማሪው እውነተኛ ውጤት፥ ሁለተኛው ስሕተት። እውነተኛውን ውጤት ማንም በዓይኑ አያየውም። ተማሪው ድካሙ ሳይቀርበት፥ ትዝታውም ሳያግዘው ያንኑ የመሰለ ፈተና እልፍ ጊዜ ቢፈተን የሚያገኘው አማካይ ማለት ነው። ስሕተቱ ደግሞ ያን ዕለት የደረሰው ሁሉ ነው፤ ያልተኛበት ሌሊት፥ የራስ ምታት፥ ያጠናው ምዕራፍ በዕድል መምጣቱ ወይም መቅረቱ፥ በግምት የተመታው መልስ።

ስለ ግምት ከተነሣ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አራት ምርጫ ያላቸው 100 ጥያቄዎች ቢቀርቡና አንድ ሰው ምንም ሳያነብ ዓይኑን ጨፍኖ ቢያጠቍር፥ በአማካይ 25 ያገኛል፤ ብዙውን ጊዜም ከ21 እስከ 29 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ምርጫ ያለው ጥያቄና በመኪና የሚታረም ወረቀት የአራሚዎችን ልዩነት አጥፍተውልናል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ዕድልን ግን አላጠፉትም፤ ከአራሚው እጅ ወደ ተፈታኙ እርሳስ አዛወሩት እንጂ።

ከስፒርማን በኋላ ሌሎች ሊቃውንት ሕንፃውን ቀጠሉ። በ1910 ስፒርማንና ዊልያም ብራውን እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ፈተና ሲረዝም አስተማማኝነቱ እንዴት እንደሚጨምር የሚያሳይ ቀመር አወጡ። በዚህ ቀመር መሠረት አስተማማኝነቱ 0.60 የነበረ ፈተና ጥያቄዎቹ በሁለት እጥፍ ቢበዙ ወደ 0.75 ከፍ ይላል። ይህም የአምስት ጥያቄ ድንገተኛ ፈተና ለምን በቀላሉ እንደማይታመን ያስረዳናል። በ1937 ኩደርና ሪቻርድሰን፥ በ1951 ሊ ክሮንባክ፥ ተማሪውን ሁለት ጊዜ ሳይፈትኑ ከአንድ ፈተና ብቻ አስተማማኝነትን የሚገምቱበትን መንገድ አስተማሩ። በ1968 ደግሞ ፍሬድሪክ ሎርድና ሜልቪን ኖቪክ ሁሉንም በአንድ ታላቅ መጽሐፍ ሰብስበው አቀረቡት።

ለምሳሌ ያህል፥ የተፈታኞቹ ነጥብ ከአማካዩ በ15 ነጥብ ገደማ የሚራራቅበት፥ አስተማማኝነቱም 0.91 የሆነ ፈተና አለ እንበል። ይህ እጅግ ጥሩ ፈተና ነው። 0.91 ከ1 ሲቀነስ 0.09 ይቀራል፤ የ0.09 ካሬ ሥር 0.3 ነው፤ ይህም በ15 ሲባዛ 4.5 ይሆናል። ይህ 4.5 የፈተናው የልኬት ስሕተት ነው። ትርጓሜውም፥ ከሦስት ተፈታኞች የሁለቱ ያህል ውጤት ከእውነተኛው ውጤታቸው ከ4.5 ነጥብ በላይ አይርቅም፤ የሦስተኛው ግን ከዚያም በላይ ይርቃል ማለት ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ፈተና 49 ያገኘችና 51 ያገኘ ሁለት ተማሪዎች ቢኖሩ፥ ማንኛቸው በእውነት እንደሚበልጥ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም።

እኅቴ «በማግሥቱ ብፈተን ያንኑ 49 አገኝ ነበርን?» ብላ ነበር። መልሱ «ምናልባት 52፥ ምናልባትም 45» የሚል ነው። ለማጽናናት ብቻ እንዳይመስል ይህንም መጨመር ይገባል፤ ስሕተት ለሁለቱም ወገን ይሠራል። በ51 ያለፈውም ተማሪ በማግሥቱ 47 ሊያገኝ ይችል ነበር። ስለዚህ የወደቀ ሁሉ ተበደልሁ ማለት፥ ያለፈም ሁሉ መኵራራት አይገባውም።

በአገራችን

በአገራችን ዘመናዊ ትምህርት የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ እየሰፋ መጣ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። ከዚያም ወዲህ ወላጆቻችን «ማትሪክ» እያሉ የሚያስታውሱት የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና ለብዙ ትውልድ የከፍተኛ ትምህርት በር ሆኖ ኖረ። ውጤቱ በ«ኤ»፥ «ቢ»፥ «ሲ» ፊደል ይሰጥ ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ሥርዓቱ ተለወጠ፤ በሩ ግን ያው በር፥ ጠባቂውም ያው ፈተና ነው።

አጭሩ ክንድም ከአገራችን አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ1972 ደርጎውስኪና ባልደረቦቹ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚኖሩት በሜኤን ሕዝብ ዘንድ ስለ ሥዕል ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ከዚያ በፊት ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል ሲሰጣቸው፥ ሥዕሉን ትተው ወረቀቱን ይዳስሱ፥ ያሸቱና ድምፁን ያዳምጡ እንደ ነበር ተነግሮ ነበር፤ ወረቀት ለእነርሱ እንግዳ ነገር ነበርና። ጥናቱ ግን የሚያውቋቸውን አራዊት ሥዕል በሚያውቁት በጨርቅ ላይ አትሞ አቀረበላቸው። በዚህ ጊዜ አብዛኞቹ፥ ጥቂት እያሰቡም ቢሆን፥ ምን እንደ ሆነ ለዩ። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው «ሥዕል አያውቁም» ብሎ በጻፈ ነበር። ከዚያ ወዲህ መርማሪዎች ይበልጥ ተጠንቅቀዋል። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረውና በኢትዮጵያ 3,000 ሕፃናትን እየተከታተለ ያጠናው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት፥ ከውጭ የመጣን የቃላት ፈተና ወደ አገራችን ቋንቋዎች ሲመልስ ጥያቄዎቹ በየቋንቋው እንዴት እንደ ሠሩ መርምሯል።

ይህ ነገር ለእኛም ይደርሳል። የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። የፊዚክስን ጥያቄ የሳተ ተማሪ ፊዚክሱን ሳያውቅ ቀርቶ ይሆን ወይስ እንግሊዝኛው ሰውሮበት? ፈተናው ሁለቱን ለይቶ አይነግረንም። ሊቃውንቱ ይህን የተገቢነት ጥያቄ ይሉታል፤ ማለት «ይህ መለኪያ ሊለካ የተነሣውን ነገር በእውነት ይለካልን?» የሚል ነው።

የተሰረቀ ፈተናም ምስክርነቱ ይበላሻል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የፈተናው ጥያቄዎች አስቀድመው በመውጣታቸው ፈተናው ተሰርዞ በሌላ ተተካ። ከዚያ በኋላ የኩረጃ ነገር እየባሰ በመሄዱ፥ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ተፈተኑ። ውጤቱ አገር አስደነገጠ። ከ896,520 ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909፥ ማለት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ አለፉ።

ታዲያ ይህንንም «የመለኪያ ስሕተት ነው» ብለን እንለፈውን? አይደለም። የእጅ መንቀጥቀጥ የሚመስለው ስሕተት በአንድ ሰው ላይ ብርቱ ነው፤ በብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ላይ ግን ከፍ ያለው ዝቅ ካለው ጋር ይጣፋል። የእኅቴ 49 በዕድል ሊሆን ይችላል፤ የአገር 3.3 ከመቶ ግን በዕድል ሊሆን አይችልም። ይህ ስለ መጻሕፍታችን፥ ስለ መምህራኖቻችን ብዛት፥ ስለ ቋንቋውና ስለ ጥናታችን የሚናገር ብርቱ ምስክር ነው። ምስክሩን ብንወቅሰው የመሰከረው ነገር አይጠፋም።

መደምደሚያ

ከትምህርት ቤታችን ሳይርቅ የልደታ ፍርድ ቤት አለ። ማለዳ ወደ ትምህርት ስንመጣ ባለጉዳዮች ምስክሮቻቸውን አስከትለው ሲገቡ እናያለን። ብልህ ዳኛ ምስክርን አይንቅም፤ ያለ ምስክር ፍርድ የለምና። ነገር ግን አንዱን ምስክር ሰምቶ ወዲያው አይነሣም። ሌላ ምስክር ካለ ያስጠራል፤ ምስክሩ ነገሩን ምን ያህል ቀርቦ እንዳየው ይጠይቃል። ፈተናም እንዲሁ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ዳኞቹ ወላጆች፥ መምህራንና መንግሥት፥ ከሁሉም በላይ ተማሪው ራሱ ናቸው።

ስለዚህ መምህራኖቻችን የአንድ ቀን ፈተናን ብቻ ሳይሆን የዓመቱን ሥራ እንዲመለከቱልን፥ ድርሰታችንንም ስማችንን ሸፍነው ቢያርሙልን እንለምናለን። ወላጆቻችንም በአንድ ወረቀት ምክንያት ልጆቻቸውን «ሰነፍ» ብለው እንዳይጠሩ እናሳስባለን፤ ኪነብሩክም እንዲሁ ተብሎ ነበርና። እኛ ተማሪዎች ደግሞ መለኪያው ስሕተት አለበት ብለን ጥናታችንን መተው አይገባንም። ስሕተቱ ጥቂት ነጥብ ነው፤ ከወሰኑ በብዙ ርቆ የቆመን ሰው ዕድል አይጥለውም።

እኅቴን በሚመለከት ነገሩ እንዲህ ሆነ። ከ50 በታች ላገኙ ተማሪዎች የተከፈተው የሬሜዲያል ትምህርት ደረሳትና ገባች፤ ወራት ተምራ እንደ ገና ተፈተነች፤ አለፈችም። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። መንግሥት ያንን ሁለተኛ ዕድል ሲከፍት አሳቡ ምንም ይሁን ምን፥ እኔ ግን ሁለተኛ ምስክር መጥራት ማለት ይህ መሆኑን ተረዳሁ። እርስዋ የመጀመሪያውን የ49 ውጤት ወረቀት እስከ ዛሬ አልቀደደችውም። ለምን እንደምታኖረው ብጠይቃት «እርሱም አልዋሸም፤ ያን ቀን ያየውን ነው የተናገረው» አለችኝ።

እኔም በዚህ ዓመት ተፈታኝ ነኝ። ቁናውን እንዴት እንደሚሰፍሩት ካወቅሁ ወዲህ ፍርሃቴ ጥቂት ቀንሷል፥ ጥናቴ ግን ጨምሯል።